«እሰማዋለሁ እንጂ አልመልስበትም»፦ ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂዋ የ33 ዓመት ሴት ሲሆኑ የሚኖሩትም የሚሠሩትም ኮምቦልቻ ነው። እስከ ሰባት ዓመታቸው ከከሚሴ ወጣ ብላ በምትገኝ ገጠር፣ ኦሮምኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት፣ በእናታቸው እናት እጅ አድገዋል። ለትምህርት ደሴ ወዳሉት የአባታቸው ዘመዶች ሲመጡ፣ ክፍል ውስጥ «ዘይት» ለማለት «ሰይት» በማለታቸው ተሳቀባቸው፤ መምህሩም ሳቁን አላስቆመም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኦሮምኛ መናገር ተዉ። ዛሬ አያታቸው የሚሉትን ሁሉ ይሰማሉ፣ የሚመልሱት ግን በአማርኛ ነው፤ የአያታቸው አማርኛ ደግሞ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። «ቡኒ ደንፌ? ስትለኝ ሳላስበው ወደ ጀበናው እዞራለሁ፤ አዎ ፈልቷል ብዬ በቋንቋዋ መመለስ ግን አፌን ይይዘኛል። በቅርቡ ስደውል ስልኩን ለአጎቴ ስትሰጠው ‹ይቺ ልጅ ከእኔ ጋር መጫወት ትታለች› ስትል ሰማኋት፤ የሰማሁትም በኦሮምኛ ነው» ብለው ጽፈዋል። ጥያቄያቸው ሦስት ነው፦ ኦሮምኛ አሁንም ቋንቋዬ ነው ልል እችላለሁ? በዚህ ዕድሜ አፌ ይፈታልኛል? የሦስት ዓመት ልጄን ከአያቴ ጋር ባውላትስ በሁለት ቋንቋ መካከል አትደናገርብኝም?

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚያስቸግረው «አፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚለውን ስም ከአቅሙ በላይ ስለምናስጭነው ይመስለኛል። ሕፃን አፉን ፈታ የሚባለው የመጀመሪያ ቃላቱን ሲያወጣ ነው፤ ስለዚህ አፍ መፍቻ የሚለው ስም የሚነግረን የትኛው ቋንቋ እንደቀደመ ብቻ ነው። ዛሬ ይበልጥ የሚቀናዎት የትኛው እንደሆነ፣ በየትኛው እንደሚያልሙ፣ በየትኛው እንደሚቆጡ፣ የየትኛው ብሔር ሰው እንደሆኑ አይናገርም። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራም ብሔርንና አፍ መፍቻ ቋንቋን ለየብቻ ነበር የጠየቀው፤ ሁለቱ መልሶች የማይገጥሙለት ሰው ደግሞ በእኛ አገር፣ በተለይም በወሎ፣ ጥቂት አይደለም። እርስዎ አፍዎን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። ይህ የተፈጸመ ነገር በመሆኑ በኋላ የመጣ ዝምታ አይሽረውም፤ ቅጽ ላይ ሲጠየቁም ያለ ማመንታት ሊጽፉት ይችላሉ።

ሆኖም ጥያቄዎ ከቅጽ የሰፋ እንደሆነ ይገባኛል። «ቋንቋዬ» ለማለት መብት የሚሰጠው አቀላጥፎ መናገር ነው የሚል ሐሳብ ከጥያቄዎ በስተጀርባ አለ፤ ይህን ሐሳብ እኔ አልቀበለውም። ሰው ከአንድ ቋንቋ ጋር የሚኖረው ዝምድና በሥራ የተከፋፈለ ነው። በባቲ የሰኞ ገበያ፣ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም በሚገናኝበት ቦታ፣ አንዲት እናት ሲሸጡ ቆሜ የተመለከትኩትን ላንሣ። ገዢያቸውን በአፋርኛ ሰላም አሉ፣ ዋጋውን በአማርኛ ተከራከሩ፣ ብሩን ሲቀበሉ ግን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን» እያሉ በኦሮምኛ ቆጠሩ። ከሦስቱ የትኛው ቋንቋ የእርሳቸው እንዳልሆነ ማን ሊነግራቸው ይችላል? የጸሎትን ነገር ደግሞ ያስቡት። የደሴ ሙስሊም በዐረብኛ ይሰግዳል፣ ክርስቲያኑ በግዕዝ ያስቀድሳል፤ ብዙው ሰው በሁለቱም ቋንቋ ውኃ አምጡልኝ ብሎ መጠየቅ አይችልም፤ ነገር ግን ባዕድ ቋንቋ ናቸው ቢሉት ይቀየማል። የወሎ መንዙማ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ጽፎ ከዐረብኛ ጋር እያፈራረቀ ሲያዜም የኖረ ነው። በየቤታችን የምንጠጣው ቡና እንኳ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል የዐረብኛውን «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ» እና «በረከት» ይዞ ነው የሚቀዳው። በዚህ አገር አንድ ሰው አንድ ቋንቋ ብቻ እንዲኖረው መጠበቅ አዲስ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1755 እስከ 1769 በነገሡት በዐፄ ኢዮአስ ዘመን፣ የንጉሡ እናት ከወሎ ኦሮሞ ስለነበሩ፣ በጎንደር ቤተ መንግሥት ውስጥ ሳይቀር ኦሮምኛ ይነገር እንደነበር ተመዝግቧል።

እንግዲህ የእርስዎ ኦሮምኛ የመስማት ቋንቋ ሆኖ ቀርቷል፤ ሥራው ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ይህ ከስሜት ያለፈ፣ በሙያው የታወቀ ሁኔታ ስለሆነ አሠራሩን ልግለጽልዎ። ደሴ ፒያሳ ላይ የልጅነት የክፍል ጓደኛዎን ቢያገኙ መልኩን ወዲያው ይለዩታል፣ ስሙ ግን ምላስዎ ጫፍ ላይ ደርሶ አልወጣ ይላል። መልኩ ከፊትዎ ቆሞ ስለሚጠራዎት ማወቁ ይቀላል፤ ስሙን ግን ራስዎ ፈልገው ማምጣት አለብዎት። በቋንቋም እንዲሁ ነው። ሰው ሲናገር ስንሰማ ቃሉ ከውጭ ይመጣልናል፣ የሚጠበቅብን መለየት ብቻ ነው። ስንናገር ግን ቃሉን ራሳችን መፈለግ ይኖርብናል፤ ያውም ዐይን በሚጨፈንበት ፍጥነት፣ በየቀኑ የምንጠቀምበት የሌላው ቋንቋ ቃል ቀድሞ እየተደነቀረ። እርስዎ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለእያንዳንዱ ነገር የአማርኛውን ቃል ሲያወጡ ስለኖሩ የአማርኛው መንገድ ተጠርጓል፣ የኦሮምኛውን ሣር በልቶታል። «ቡኒ ደንፌ?» ሲባሉ ወደ ጀበናው የሚዞሩት ግን ተርጉመው አይደለም፤ በቀጥታ ገብቶዎት ነው። ቋንቋውን በትምህርት ያገኘ ሰው እዚህ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል።

ሰዎች «በልጅነት የተማሩት አይረሳም» ሲሉ እሰማለሁ፤ እንደዚያ በደፈናው ማለት ግን ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ከሦስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ከኮሪያ ወደ ፈረንሳይ በጉዲፈቻ የተወሰዱና ከዚያ በኋላ ኮሪያኛ ያልሰሙ ሰዎችን መርምሮ፣ ካደጉ በኋላ የኮሪያኛ ዓረፍተ ነገር ከሌላ የማያውቁት ቋንቋ መለየት እንዳልቻሉ አሳይቷል። (ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የገባ ነው።) ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት በኔዘርላንድ ያደጉ የኮሪያ ተወላጆችን የኮሪያኛ ድምፆችን እንዲያወጡ ሲያለማምድ፣ አንዳንዶቹ ገና ስድስት ወር ሳይሞላቸው ከአገራቸው የወጡ ቢሆኑም፣ ኮሪያኛ ሰምተው ከማያውቁት ሆላንዳውያን ይልቅ ቶሎ ተሻሽለዋል። ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሎስ አንጀለስ ጥናት ነው። በልጅነታቸው ስፓኒሽ ሲነገር እየሰሙ ያደጉ፣ ራሳቸው ግን እምብዛም ያልተናገሩ ተማሪዎች፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ቋንቋውን ሲማሩ የድምፅ አወጣጣቸው ከአዲስ ተማሪዎች ይልቅ ለተወላጁ የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። እርስዎ እስከ ሰባት ዓመትዎ ተናግረዋል፤ ከዚያም በኋላ መስማት አላቋረጡም። ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዎ የምሰጠው መልስ «አዎ፣ ይፈታልዎታል» ነው፤ ይህንንም ለማጽናናት ያህል አልናገርም።

የሚያግድዎት ነገር ከማስታወስ ይልቅ እፍረት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ «ሰይት» አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ያኔ ሊነግርዎ ይገባ የነበረው መምህሩ ነበር። በኦሮምኛ ነባር ቃላት ውስጥ የ«ዘ» ድምፅ የለም፤ የሚገኘው ከሌላ ቋንቋ በገቡ ቃላት ብቻ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ የማታውቀው ድምፅ ሲገጥማት ከምታውቃቸው ውስጥ የሚቀርበውን ታነሣለች። በዚያች ቅጽበት ጆሮዎና ምላስዎ የሠሩት ሥራ ማንኛውም ጤነኛ ልጅ የሚሠራው ነበር። ያ የሳቀው ክፍል ወደ ከሚሴ ሄዶ «ቡነ ዹጊ» (ቡና ጠጣ) በል ቢባል፣ «ዸ»ን ሳይጠረጥር «ደ» ያደርገዋል። ይህ ድምፅ የምላሱ ጫፍ ወደ ላንቃ ተጠግቶ፣ አየሩ ወደ ውጭ ከመገፋት ይልቅ ወደ ውስጥ እንደ መሳብ ተደርጎ የሚወጣ ነው፤ በአማርኛ ስለሌለም ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ «ደ» ላይ ምልክት ተጨምሮ ለብቻው ፊደል ተቀርጾለታል። አሁን ማንም ሳይኖር «ዹጊ» ብለው ለራስዎ ይሞክሩት። ከሰባት ዓመትዎ በፊት በቀን ስንት ጊዜ ያወጡት ድምፅ ነው፤ ከመጣልዎ፣ ይመጣልዎታል ብዬም አስባለሁ፣ የቀረው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ እሱ ይነግርዎታል።

አሁን ወደ ተግባሩ። በኦሮምኛ መናገር ልጀምር ብለው በአንድ ጊዜ ለሁሉም ሰው አያውጁ፤ ከአንድ ሰው ጋር፣ በአንድ ሥራ ላይ ይጀምሩ። ሰውዬዋ አያትዎ ናቸው፤ ሥራው ቡና ይሁን። ከኮምቦልቻ በሐርቡ አድርጎ ከሚሴ የግማሽ ቀን ጉዞ እንኳ ስላልሆነ በወር አንድ ቅዳሜ የሚቻል ይመስለኛል። ሲሄዱ በአቦሉ ጊዜ ብቻ በኦሮምኛ ለመመለስ ለራስዎ ቃል ይግቡ፤ ቶናውና በረካው በለመዱት መንገድ ይሂዱ። ቡና ማፍላት ለዚህ የሚመችበት ምክንያት አለው፦ የሚደጋገም ሥራ ነው፣ እጅ ሥራ ላይ ስለሆነ ዐይን ለዐይን መተያየት አይኖርም፣ የሚነገረውም ነገር ከፊትዎ ያለው ነው። ጀበናው፣ እሳቱ፣ ስኒው፣ ውኃው ቃሉን ይጠሩልዎታል። መጀመሪያ ላይ ለማውራት ሳይሆን ለመመለስ ይሞክሩ፤ «ቡኒ ደንፌ?» ሲባሉ «ደንፌረ» ማለት በቂ ነው። ሁለት መሣሪያዎች ደግሞ አስቀድመው ይያዙ፦ ያልሰሙትን ለማስደገም «ኢረ ዴቢኢ»፣ ቃል ሲጠፋዎት «ማል ጄዸመ?» (ምን ይባላል?)። እነዚህ ሁለቱ ከአፍዎ ከወጡ ከኦሮምኛ ሳይወጡ መቸገር ይችላሉ ማለት ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። የኦሮምኛው ቃል ፈጽሞ ካልመጣ የአማርኛውን ቃል ከትተው ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሱ እንጂ አያቁሙ። የከሚሴ ዙሪያ ኦሮምኛ ከአማርኛ ጋር ሲዋዋስ የኖረ በመሆኑ አያትዎ ይህን እንደ ነውር አያዩትም።

ቤተሰብዎንም አንድ ነገር አስቀድመው ይለምኑ። የከተማ ቃና ይዘው ሲናገሩ የአክስት ልጆች ይስቁ ይሆናል፤ ሳቃቸው የፍቅር ቢሆንም እርስዎ የሚሰሙት የደሴውን ክፍል ነው። ስለዚህ ለአጎትዎ ነገሩን ገልጠው ይንገሩት፤ ሲሳሳቱ ንግግርዎን አቋርጦ ከማረም ይልቅ እርስዎ ሲጨርሱ ያንኑ ሐሳብ በትክክለኛው አነጋገር ደግሞ እንዲመልስልዎ ይጠይቁት። አያቶች ለሕፃን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አንድ ሌላም ነገር ከእርሱ ይማሩ። በእርስዎ ውስጥ የቀረው ኦሮምኛ የሰባት ዓመት ልጅ ኦሮምኛ ነው። የጥጃ፣ የእሳትና የጨዋታ ቃል ሞልቶታል፤ የለቅሶ ቤት ንግግር፣ የሐኪም ቤት ቃል፣ የትልቅ ሰው አክብሮት ግን ይጎድለዋል። ለሽማግሌ «አቲ» ይባላል ወይስ «ኢሲን» የሚለውን፣ ልክ እንደ «አንቺ» እና «አንቱ»፣ የአካባቢው ልማድ ስለሚወስነው አጎትዎ ያሳይዎት። ይህን ሲያውቁ ተናግረው የማያውቁት ቃል ሲጠፋዎት «ረሳሁት» እያሉ ራስዎን አይወቅሱም፤ ያልደረሱበት እንጂ የረሱት አይደለምና።

ስለ ጽሑፉ ባጭሩ ላንሣ። ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል ብዙ ተጽፎበታል፤ አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ገኖ ጋር ያዘጋጁት ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በዚሁ ፊደል ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን የትምህርቱና የቢሮው ጽሑፍ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ነው፤ የከሚሴ ልጆችም የሚማሩት በዚያው ነው። ለጅምሩ የሰሙትን በለመዱት ፊደል መጻፍዎ ምንም አይደለም፤ ጉድለቱን ግን ይወቁት። የኦሮምኛ አምስት አናባቢዎች እያንዳንዳቸው አጭርና ረጅም አላቸው፣ ርዝመቱም ትርጉም ይለውጣል፤ መሬት ማለት የሆነው ቃል አናባቢዎቹ ሲረዝሙ ለስላሳ ማለት ይሆናል። የድምፅ መጥበቅም እንዲሁ ነው። በግዕዝ ፊደል «ሶዳ» ብለው ቢጽፉ፣ ላልቶ ሲነበብ ፍርሃት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ አማች ነው፤ ልክ በእኛ «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ እንደሚለያየው። ቁቤ ሁለቱንም አጻጻፍ ይለያል። ስለዚህ ውለው አድረው ቁቤውን መማርዎ አይቀርም፤ ከመጽሐፉ ቋንቋና ከአያትዎ አነጋገር መካከል ልዩነት ሲያገኙ ግን የአያትዎን እንደ ስህተት አይቁጠሩት።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልጨምር። የአባቴ እናት የመጡት አርጎብኛ ከሚነገርበት ወገን ነበር። አርጎብኛ የአማርኛ የቅርብ እኅት ነው፤ ዛሬ አብዛኛው አርጎባ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ሲናገር፣ እንደ ሾንኬና ጦልሃ ባሉ መንደሮች ግን አሁንም ይነገራል። እኔ የቋንቋ ትምህርት ተምሬ የሰዎችን ቋንቋ ስመዘግብ፣ አያቴ ሲያርፉ ድምፃቸውን የያዘ አንዲት ካሴት እንኳ አልነበረችኝም። ዛሬ በኪስዎ ያለው ስልክ ያን ጊዜ የእኔ ሙያ ይጠቀምበት ከነበረው መቅጃ ይሻላል። አያትዎን አስፈቅደው ይቅዷቸው፤ ቃለ መጠይቅ አያድርጉት፣ ቤቱ እንዴት እንደተሠራ፣ እርስዎ በልጅነትዎ ምን ያስቸግሩ እንደነበር ያውሩልዎ። የቀዱትንም በሁለት ቦታ ያስቀምጡት። እየደጋገሙ ሲሰሙትም ለእርስዎ ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ የተሻለ መለማመጃ ይሆናል።

ልጅዎን በተመለከተ ፍርሃትዎን በግልጽ ልቃወመው። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያደናግርም፣ ንግግርንም አያዘገይም። ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ልጆች በሁለት ዓመታቸው አካባቢ ከማን ጋር በየትኛው እንደሚነጋገሩ መለየት ይጀምራሉ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ቢቀላቅሉ በእጃቸው ባለው ቃል ሐሳባቸውን እየሞሉ ነው፤ አዋቂውም ወሎዬ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የአንድ ልጅ ንግግር በእርግጥ ከዘገየ መጀመሪያ የሚመረመረው ጆሮዋ ነው፣ ሐኪም ዘንድ መውሰድም ይገባል፤ መፍትሔ ተብሎ ከአያቷ ቋንቋ ማራቅ ግን ጉዳት ብቻ ነው። ያም ሆኖ ብዙ አይጠብቁ። በወር አንድ ቀን የሰማችው ኦሮምኛ ተናጋሪ አያደርጋትም። ጆሮዋን ግን ሊከፍትላት ይችላል፤ በልጅነት የተሰማ ቋንቋ ኋላ እንደሚጠቅም ቀደም ብዬ ያነሣሁት የሎስ አንጀለሱ ጥናት አሳይቷል። አደራ የምልዎ በእንግዳ ፊት «እስቲ በኦሮምኛ ተናገሪ» እንዳይሏት ነው፤ አያትዎ የሚሉትንም እየተከተሉ አይተርጉሙላት። አያትዎ «ኮቱ፣ ታኢ» ብለው መሬቱን መታ መታ ሲያደርጉላት፣ ነይ ተቀመጪ ማለታቸው እንደሆነ የሦስት ዓመት ልጅ ያለ እርስዎ እርዳታ ይገባታል። ከእርስዎ ይልቅ እሷ ቀድማ ብትመልስም ደስ ይበልዎት፤ ከእሷ ጋር አብረው መማር ለእርስዎም እፍረቱን ያቀልልዎታል።

ቅዳሜው እስኪደርስ ድረስ ስልኩ አለ። አያትዎ ሲያነሡ እንደ ወትሮው «አከም ጂርተ?» ይላሉ። እርስዎም «ገለተ ረቢ፣ አኮ። ኢሲን አከም ጂርቱ?» (ፈጣሪ ይመስገን፣ አያቴ። እርስዎ እንዴት ነዎት?) ይበሉ፤ አጎትዎ ሌላ አጠራር ይሻላል ካለዎት በእርሱ ይተኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን በአማርኛ ቢቀጥሉም ግድ የለም፤ ስልኩን ለአጎትዎ ሳይሰጡ ትንሽ ይቆያሉ ብዬ አምናለሁ።